ከመኝታዬ በላይ ያለው ዝግባ

የካቲት ፯

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለቀጮዬ፤

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ ከማይሰማ ጆሮዬና ከዚህ ከቀኝ ትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጎረቤታችን ባለ ጋራዡ "እትዬ፣ ስልክ ደውይለት እንጂ በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምንድን ነው?" እያለ ይስቅብኛል፤ እሱን አፉን እያየሁ ነው የምረዳው። "ስልኩን እኔ ይዤ አንተ ትሰማልኛለህ?" እለዋለሁ። በስልክማ የሚደርሰኝ ድዝዝታ ብቻ ነው። ወረቀት ሲሆን ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ባይገባኝም አይቆጣኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያ የጓሮው ዝግባ አስጨንቆኛል። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ ትልቁ ቅርንጫፍ ወደ አጥሩ ነበር የሚያየው። አሁን ከመኝታ ቤቴ ቆርቆሮ በላይ ተጋድሟል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮውን ይደቁሰዋል። ድምፁን እንኳ አልሰማውም፤ አልጋዬ ሲንቀጠቀጥ ነው የማውቀው። ባለፈው ባለ ጋራዡ አንጋጦ ሲያየው ቆየና "ይሄ ነገር ክረምቱን አይሻገርም" አለኝ። እሱ የመኪና ሰው ነው፣ ስለ ዛፍ ምን ያውቃል ብዬ ተውኩት። ግን ልቤ ከዚያ ወዲህ አላረፈም።

መቼም ዝም ብዬ መጋዝ አላነሳሁም። ከምሰፋበት መጋረጃ ቤት ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ወደ ከተማው የዛፍ ቢሮ ሄድኩ። ደረጃው ነፍስ ያወጣል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ግን ጨዋ ናት፤ ጆሮዬ እንደማይሰማ ስነግራት ሁሉንም ነገር በትልልቅ ፊደል እየጻፈች አስረዳችኝ። ደንቡ እንዲህ ነው። ግንዱ በአንድ ሰው እቅፍ የማይገባ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ቅርንጫፉም ቢሆን። ፈቃድ ሲጠየቅ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል፣ የሚያሰጋውን ቅርንጫፍ ራሳቸው በገመድ አስረው ያወርዱታል። ዛፉ በሙሉ ይነሳ ከተባለ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ምትክ ችግኝ ይተከላል፤ ችግኙ እስኪጠነክር ድረስ ቦታው ላይ ምንም አይሠራም፣ ለሌላ ሰውም አይዞርም። በራሱ ጊዜ ደርቆ የሞተ ከሆነ ብቻ ነው ያለ ብዙ ጣጣ የሚነሳው።

"እሺ፣ መጥታችሁ እዩልኝ" አልኳት። "ቤቱ በማን ስም ነው?" ብላ ጻፈች። በወንድሜ ልጅ ስም፣ አባቱ አውርሶት፣ እኔ ግን ዕድሜዬን የኖርኩበት ነው አልኳት። እንዲያም ቢሆን የባለቤቱ ፊርማ ካልመጣ መግባት አንችልም አለች።

ወረቀቱን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ከታች ፈርምና መልስልኝ፤ ሌላ ምንም አላስቸግርህም። ክረምት ሳይገባ ይድረስልኝ ብቻ።

መምጣትህን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ በስህተት ብትጽፈው ምናለ?

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።
አክስትህ


መጋቢት ፳፰

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ያብዛልኝ እላለሁ። መልስ በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። ሥራው መተንፈሻ አይሰጥም። አንድ ያረጀ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሊፍት አስመርሮኛል፤ ሰው ይዞ በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ይላል። በቀደም አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ ተይዛ ብዙ ደክመን አወጣናት። ስትወጣ ከእግር እስከ ራሴ አይታ "ልጄ፣ አንተ ከጠገንከው ወዲህ እኮ ነው የባሰበት" አለችኝ። ሳቄን ዋጥኩ። እውነቷን ነበር።

አንድ ትልቅ ወሬ አለኝ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት! ቀድሜ ላንቺ ነው የነገርኩት። ደስታው እንዳለ ሆኖ ጭንቀቱም አብሮ መጣ። የተከራየነው ክፍል ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ አልጋው ከተዘረጋ በሩ በደንብ አይከፈትም። አከራዩ ደግሞ የሕፃን ለቅሶ በዚህ ቤት አይሰማም ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ከመውለዷ በፊት የራሳችን ቤት መግባት አለብን። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ መላ እየፈለግሁ ነው።

ስለ ዝግባው ያልሽው ይታያል። ስንት ክረምት ያሳለፈ ዛፍ ነው፤ ባለ ጋራዡ ሰው ማስፈራራት ይወዳል። ቢሮ ለቢሮ መንከራተቱን ግን ተይው። እነሱ አንዴ ግቢ ውስጥ ከገቡ መውጫ የላቸውም። ይልቅ አንድ የማውቀው ሰው አጥሩን ሊያይልኝ ይመጣል፤ ከመጣ ይግባ።

ለትከሻሽ መታከሚያ ትንሽ ነገር ልኬልሻለሁ። ራስሽን ጠብቂልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው።

ልጅሽ ቀጮ


ሚያዝያ ፳

ይድረስ ለአባወራው!

እሰይ! እሰይ! እልልታዬን ባለ ጋራዡ ሰምቶ በእጁ መፍቻ እንደያዘ ሮጦ መጣ። "ሌባ ነው?" አለ። "የልጅ ልጅ ነው!" አልኩት። የተሸከመችውን በሰላም ትገላገል። ከባድ ነገር እንዳታስነሳት፤ ደረጃም አታመላልሳት። ሊፍት የሚጠግን ሰው ሚስቱን ሰባተኛ ፎቅ በእግሯ ያስወጣል ወይ ብዬ እንዳልስቅብህ።

ደስታዬን ከጨረስኩ በኋላ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። ደጋግሜ ገለበጥኩት። ወረቀቱ የታለ? እኔ ፊርማ ጠየቅሁህ፣ አንተ ገንዘብ ላክህልኝ። በብሩ ላይ ፈርመህበት ይሆን ብዬ አገላብጬ አየሁት እኮ።

ያልከው ሰው ሌላ ሰው አስከትሎ መጥቶ ነበር። እኔ መጋረጃ ቤት ነበርኩ፤ ያስገባቸው ባለ ጋራዡ ነው። አንደኛው ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ እጁ ላይ ከስልክ በቀር ምንም የሌለ፤ ሌላኛው የዕቃ ሳጥን የተሸከመ። "አጥር ልናይ ነው" ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። ባለ ጋራዡ የመሰርሰሪያ ድምፅ ሰማሁ ይላል፤ መቼም የመሰርሰሪያ ድምፅ ከምንም ጋር አይምታታበትም። ምንድን ነው ቢላቸው የአጥሩን እንጨት እያጠበቅን ነው አሉት። ስመጣ አጥሩን ዙሪያውን እየነቀነቅሁ አየሁት። አንድ ምስማር አልጨመሩበትም! ይሄ ወዳጅህ ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ብሎሃልና ሒሳብ እንዳትከፍለው።

ሌላው ነገር፣ ዝግባው ከወደ ጫፉ መገርጣት ጀምሯል። መጀመሪያ ፀሐይ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አንዱ ወገኑ በግልጽ ቀይ ሆኗል። በጋው ዘንድሮ ከርሯል፤ ጥም ይሆን? አንተ ዘንድ ዛፍ የሚያውቅ ሰው አይጠፋምና ጠይቅልኝ። ጥም ከሆነ አጠጣዋለሁ። ካልሆነ ያቺን የቢሮዋን ልጅ እለምናትና ባለሙያ ታመጣልኛለች፤ ለታመመ ዛፍ እንኳ ፊርማ አትጠይቀኝም ይሆናል።

ወረቀቱን አደራ። ክረምቱ እየመጣ ነው።

ደጃችሁ ሰላም ይሁን።
አክስትህ


ግንቦት ፰

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ እጅ ትነሳለች።

ጠይቄ ነበር። ጥም ነው። በደረቅ በጋ እንዲህ ይሆናል አሉ። ውሃ አጠጪው፣ ከሥሩ፣ በርከት አድርገሽ። ለዚህ ብለሽ የቢሮ ሰው እንዳትጠሪ፤ መጥተው ግቢውን ከለኩ፣ ከጻፉ፣ ከፎከሩ በኋላ የሚሉሽ ውሃ አጠጪ ነው።

ወረቀቱ ሥራ ቦታ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ከዕቃ ጋር ሳይጠፋ አልቀረም። እፈልገዋለሁ።

ሰዎቹን ስለ አጥሩ እጠይቃቸዋለሁ። አጭር ስለጻፍኩ ይቅርታ፤ ሰዓት እየሄደብኝ ነው።

ፈጣሪ ካንቺ ጋር ይሁን።
ቀጮ


ግንቦት ፳፮

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ያችም ልጅ፣ በሆዷ ያለውም እንግዳ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ሕልሜ ሁሉ በእናንተ ነው፤ ጠዋት ስነሳ ግን አንዱንም አላስታውሰውም።

እንዳልከኝ እያጠጣሁት ነው። ከመጋረጃ ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጄሪካን ይዤ ወደ ቧንቧው ነው። ቧንቧው ከፊት ለፊት፣ ዛፉ ከኋላ፤ በዚያ ቀጭን መተላለፊያ በጎኔ እየተሹለከለክሁ ነው የምሸከመው። ትከሻዬ ጠላት ሆኖብኛል፤ ትናንት መቀሱ ከእጄ ወድቆ የደንበኛ ጨርቅ ሊበሳ ነበር። ባለ ጋራዡ ላግዝሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት። የአባትህ ዛፍ ነው፤ ውሃ ብነሳው እሱ የሚታዘበኝ ይመስለኛል። አትሳቅብኝ።

ግን ቀጮ፣ እየባሰበት ነው። ባጠጣሁት ቁጥር ይብሳል። ቀዩ አሁን ወደ ቡኒ ሄዷል፤ ጓሮው በቅጠል ተሞልቶ መሬቱ አይታይም። ማክሰኞ ለት ደግሞ ነፋስ የለ፣ ምን የለ፣ የክንድ ውፍረት ያለው እንጨት ከላይ ወርዶ የልብስ ማድረቂያ ገመዴን በጠሰው። የሆቴል ነጭ መጋረጃ ነበር የሰቀልኩት። አጥቤ የሰጠሁት ዳግም ሌላ ቀን ፈጅቼ ነው። መጋረጃው ይሁን፤ ከገመዱ ሥር ቆሜ የነበረው ትንሽ ቀደም ብሎ እኮ ነው።

ፈራሁ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ትንሹ እንዲህ ከወደቀ ያ ከራሴ በላይ ያለው ምን ሊያደርግ ነው?

ቢሮ ሄጄ ከልጅቷ ሌላ ወረቀት አመጣሁ። ስለ መገርጣቱ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የቢሮ ሰው አትጥሪ ስላልከኝ ዋጥኩት። ለምን እንዳልከኝ ግን አልገባኝም። አዲሱን ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ይሄኛው እንዳይጠፋብህ። እባክህ ልጄ።

በእንጀራህ በረከት ይግባበት።
አክስትህ


ሰኔ ፭

እታለም፤

ይሄ ደብዳቤ በእጅሽ እንደገባ አልጋሽን ወደ ፊተኛው ክፍል አውጪ። ያኔውኑ። መኝታ ቤቱን ዝጊው፤ ዕቃ ለማውጣትም ቢሆን ተመልሰሽ አትግቢ። ወደ ጓሮ አትዙሪ። ውሃ ማጠጣቱንም አቁሚ።

የሞተ ዝግባ ነፋስ አይጠብቅም። ለባለ ጋራዡ ደውያለሁ፤ አልጋውን ይሸከምልሻል።

ለምን አትበይኝ። ብቻ ውጪ።

ቀጮ


ሰኔ ፲፬

ይድረስ ለቀጮ፤

ሰላምታ ሳትሰጠኝ ጻፍክልኝ። እኔ ግን ያሳደጉኝ ሰዎች አሉና ሰላም ላንተ ይሁን፤ ሰላም ለቤትህ።

አሁን ንገረኝ። ጥም ነው ያልከኝ ሰው ዛሬ ውሃ አቁሚ የምትለኝ ምን አግኝተህ ነው? "የሞተ" የሚለውን ቃል ከየት አመጣኸው? እኔ ታመመ አልኩህ፣ ገረጣ አልኩህ፣ ፈራሁ አልኩህ፤ ሞተ አላልኩህም። ከዚያ ማዶ ተቀምጠህ እኔ ከሥሩ ቆሜ የማላውቀውን እንዴት አወቅህ?

ወደ ጓሮ አትዙሪ ስላልከኝ ዞርኩ። ቅጠሉን ጠረግሁ። ከግንዱ ግርጌ፣ ከአጥሩ በኩል፣ ሰው በማያየው ወገን፣ ጭቃ የተለጠፈበት ቦታ አየሁ። ጭቃ በዛፍ ላይ ምን ይሠራል ብዬ በመቀሴ ጫፍ ፈቀፈቅሁት። ቀዳዳ ነው። ከጎኑም ሌላ ቀዳዳ አለ። ከዚያም ሌላ። አሸተትኩት፤ ዓይኔ አነባ። አጥሩን ሊያዩ የመጡት ሰዎች የሠሩት ሥራ ይሄ ነው።

ባለ ጋራዡ አልጋዬን ሊሸከም መጥቶ ነበር። በሩን ዘጋሁበት። ሲያንኳኳ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ ደንቆሮ መሆን ለዚህ ይጠቅማል። እግሬ ወደ ቢሮው ሊያመራ ነበር። ቀድሜ ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ከመንገድ ተመለስኩ።

እናትህ አንተን ወልዳ ካረፈችበት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አስተማርኩህ፤ ብታጠፋም ንገረኝ፣ ብትሰብርም ንገረኝ። ብርጭቆ ሰብረህ ከአልጋ ሥር ስትደብቅ እንኳ አልመታሁህም፤ የመታሁህ አልሰበርኩም ስትለኝ ነው። አሁን "ለምን አትበይኝ" ትለኛለህ። ሞኝህን ፈልግ!

እኔ ከዚህ አልጋ አልነሳም። ምን እንዳደረግህ በገዛ እጅህ ጽፈህ እስክትልክልኝ ድረስ እዚሁ እተኛለሁ። እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ። ክረምቱ ገብቷል፤ ትናንት ዘንቧል። ስለዚህ ፍጠን።

አክስትህ


ሰኔ ፳፪

እታለም፤

በምን አፌ ሰላም ልበልሽ? ግን ሰላም ይሁንልሽ። ከምንም በላይ ዛሬ ደህና ሆነሽ ይሄን እንድታነቢው ነው የምለምነው።

ለባለ ጋራዡ ደጋግሜ ደወልኩ። እዚያው ነው የምትተኛው አለኝ። ሁሉን ነገር ለሱ ነግሬ በጽሑፍ እንዲያሳይሽ ልለምነው ፈልጌ አፌ አልላቀቅ አለኝ። በሌላ ሰው በኩል እንዲደርስሽ አልፈለግሁም። ደግሞም ፈርቼ ነው። ሁለቱም ነው።

ቤቱን ልሸጠው ተስማምቻለሁ። ያ ጫማው የሚያብረቀርቀው ሰውዬ ደላላ ነው። ገዢው ፎቅ ሊሠራበት ነው የሚፈልገው፤ የዛፉን ደንብ ደግሞ ከኔም ካንቺም በላይ ያውቀዋል። ባለሙያ መጥቶ ዛፉ ይነሳ ካለ ምትክ ተተክሎ እስኪጠነክር ቦታው አይዞርም፤ ቅርንጫፉ ብቻ ይውረድ ካለ ደግሞ ዛፉ እስካለ ፎቅ የለም። ስለዚህ ያንቺን ወረቀት ብፈርም ሽያጩ ይቀራል። "በራሱ ጊዜ ከደረቀ ግን ማንም ምንም አይልም" አለኝ ደላላው። "እኛ እናደርቀዋለን፤ አንተ አጥር ሊያዩ ነው በል ብቻ።" እሺ አልኩት። በዚያች ቅጽበት የማስበው ስለሚወለደው ልጅ ነበር፤ አሁን ግን ልጁን ምክንያት ማድረጉ ራሱ ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያው ወረቀትሽ አልጠፋም። ኪሴ ውስጥ ነበር። ውሃ አጠጪው ያልኩሽም ማንንም ሳልጠይቅ ነው። ቢሮውን እንዳትጠሪ ስፈልግ እጄ የጻፈው ነው። ከዚያ በዚያ ትከሻሽ ጄሪካን እንደምትሸከሚ ስትነግሪኝ ደብዳቤሽን መጨረስ አቃተኝ።

እኔስ የት እሆናለሁ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አላሰብኩበትም ነበር። ክፍል እንከራይላታለን፣ ምናልባት እዚህ እናመጣታለን፣ እያልኩ አለፍኩት። ይሄን ከመጻፍ የከበደኝ ነገር የለም።

በኛ ሥራ ሊፍት ከመነካቱ በፊት "ውስጥ ሰው አለ?" ብለን እንጣራለን። መልስ ባይመጣም በሩን ከፍተን በዓይናችን እናያለን። በመጀመሪያው ቀን የተማርኩት እሱን ነው፤ አንድም ቀን ዘንግቼው አላውቅም። ዛፉን አድርቁት ስል ግን ከሥሩ አንቺ መኖርሽን እያወቅሁ አልተጣራሁም። ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ በቃ፤ ይሄው ነበር የመሰለኝ። ያለ ነፋስ ወደቀ ስትይኝ ነው ልቤ የወደቀው።

ለደላላው ሽያጩ ይቅር ብዬዋለሁ። ተሳደበ፤ ይሳደብ። አሁን ነግሬሻለሁ፤ የቀረ የለም። ተነሺ፣ እታለም። ከጠላሽኝም ከፊተኛው ክፍል ሆነሽ ጥዪኝ። እዚያ ብቻ አትተኚ።

ቀጮ


ሐምሌ ፲፰

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

በሕይወት አለሁ። ከዚህ እጀምራለሁ፤ ሌላውን ከማንበብህ በፊት ይሄን እወቅ።

ደብዳቤህን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ደፉ ላይ ተቀምጬ ደገምኩት። ከዚያ ባለ ጋራዡን ጠርቼ "አልጋዬን አውጣልኝ" አልኩት። ምን ተገኘ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ ይሆናል። አልጋውን ከመስፊያ መኪናዬ አጠገብ ዘረጋልኝ። ቁም ሣጥኑን ላውጣ ሲል ከለከልኩት፤ እሱም ልጆች አሉት።

ብዙም አልቆየ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከነነፋሱ መጣ። እኔ አጎንብሼ መጋረጃ እዘመዝም ነበር። መርፌዬ ከጨርቁ ዘለለ፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተነሳና ተመለሰ። ዞር ስል የመኝታ ቤቱ በር ከነመቃኑ ወደኔ አዘንብሏል፣ አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል። ባለ ጋራዡና ሠራተኞቹ ስሜን እየጠሩ ገቡ፤ አፋቸውን ነው ያየሁት። መኝታ ቤት የለም አሁን። አልጋዬ የነበረበት ላይ ከኔ ወገብ የሚወፍር እንጨት ተኝቶበታል።

ቀጮ፣ ደብዳቤህ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ይሄን የሚጽፍልህ ሰው አልነበረም። አውጥተኸኛል። ከሥሩ ያስቀመጥከኝም አንተ ነህ። የትኛውን አስቀድሜ እንደማስብ ገና አልለየልኝም።

በማግስቱ የቢሮ ሰዎች መጡ። ባለሙያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጭቃውን አንድ በአንድ እያወጣ አየ። ዝግባው አይድንም አለ። ውሃ አጠጣ የነበርኩት እኔ ነኝ አልኩት። ሰውዬው መነጽሩን አወረደና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አነጠፈ። ከዚያ ጻፈ፤ በቀዳዳዎቹ ያፈሰሱትን የማድረቂያ መድኃኒት እስከ ጫፉ የወሰደው ውሃው ነው፤ ባይጠጣ ኖሮ ምናልባት ግማሹ ይተርፍ ነበር።

ስማኝ። ቤቱን ልትሸጥ ማሰብህ አናደደኝ፣ አስለቀሰኝ፣ ግን ይገባኛል፤ ልጅ ሊወለድልህ ነው፣ ስምህ ያለበት ቤት ነው። እኔን የት እንደምታደርገኝ አለማሰብህ አንጀቴን በላው፤ እሱንም አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። ውሃውን ግን አልችልም። በገዛ እጄ፣ በዚህ በታመመ ትከሻዬ፣ አይዞህ እያልኩት አጠጥቼ ገደልኩት። እኔን አስገደልከኝ። ይሄን ይቅር ለማለት ጊዜ ይፈጅብኛል፤ እዋሽሃለሁ እንዴ?

ያቺ የመስኮቷ ልጅ አስጠርታኝ ሄድኩ። "ማን እንዳደረገው ታውቂያለሽ?" ብላ ጻፈች። አውቃለሁ አልኳት። "ምንሽ ነው?" አለች። ልጄ ነው አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አየችኝ። ዝም ብል ዝም የምትል ነበረች፤ ከፊቷ አነበብኩት። "ጻፊው እንጂ" አልኳት። ስምህን ከነአባትህ ስም ነገርኳት፤ ደላላውንም እንዳለ ነገርኳት። ከሌላ ሰው ሳትሰማው ከኔ ስማው ብዬ ነው የምነግርህ።

ፍርዱ ይሄ ነው። ዛፍ ያስገደለ ሰው ራሱ በእጁ ምትክ ይተክላል፤ እስኪጠነክርም ራሱ ያሳድጋል። ችግኙን ቢሮው ይሰጣል። ክረምቱ ሳይወጣ መሬት ካልገባ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ግቢውም ሊወሰድ ይችላል። ሰውዬው ሩቅ አገር ከሆነ ግን በግቢው የሚኖር ሰው ተወክሎ ሊተክልለት ይፈቀዳል። ልጅቷ አዝናልኝ የውክልናውን ወረቀት ከመሳቢያዋ አወጣችና "ፈርሚለት፣ እናቴ፤ መምጣት አይኖርበትም" ብላ ከጎኑ ጻፈችልኝ።

አልፈርምም አልኳት።

ምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ። ካልመጣህ ግቢው ተወስዶ እኔም ከዚህ ቤት እወጣለሁ፤ የለመድኩትን ጣራ ፈልጌ አላገኘውም። ባለ ጋራዡ አብደሻል አለኝ። እኔ ግን ከእንግዲህ ላንተ ብዬ አንዲት ጣሳ ውሃ አልሸከምም። ያጠፋኸውን አንተ ቆፍረህ ትተክላለህ፤ ጀርባህ እስኪጎብጥ ውሃ ታመላልሳለህ፤ እኔ ወንበር አውጥቼ እያየሁህ እቀመጣለሁ። ሚስትህን ይዘሃት ና። መኝታ ቤቱ ፈርሷል፣ አንድ ክፍል ነው ያለን፤ ተጣብበን እንኖራለን።

ተቆጥቻለሁ። ብትመጣም እቆጣሃለሁ፤ ደጅ ላይ ሰው እያየን እጮህብሃለሁ። ግን ና።

አክስትህ